ሰሜን ተራሮች ላይ ድንኳን ለምታስተክሉ የጉዞ አዘጋጆች፦ ግልጽ ደብዳቤ ስለ ሌሊቱ

ይድረስ፦ ከአዲስ አበባና ከሌሎች ከተሞች የእግር ተጓዦችን አሰባስባችሁ ወደ ሰሜን ተራሮች ለምትመጡ የጉዞ አዘጋጆች
ግልባጭ፦ ስማቸውን አስመዝግበው ሻንጣ በመሸከፍ ላይ ላሉ ተጓዦች
ጉዳዩ፦ ፕሮግራሙ ላይ ስለማይጻፈው ሌሊት

ውድ አዘጋጆች፣

የምትለጥፏቸውን ማስታወቂያዎች እኛ ደባርቅ ያለን መንገድ መሪዎች፣ አብሳዮችና በቅሎ ነጂዎች እናያለን። የእሜት ጎጎ ገደል ፎቶ አለ፤ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚኬድ፣ ምሳ የት እንደሚበላ፣ አውቶቡሱ ከየት እንደሚነሳ ተጽፏል። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው ግን በሁለት ቃል ይታለፋል፦ «አዳር በድንኳን»። እዚህ ተራራ ላይ ሰው የሚታመመው፣ ከጓደኛው የሚጣላው፣ ጉዞውን አቋርጦ የሚወርደው አብዛኛውን ጊዜ በነዚያ ሁለት ቃላት ውስጥ ነው። ቀን የዛለ እግር አዳሩን ያገግማል። ሳይተኛ ያደረ ሰው ግን በማግስቱ ዳገቱ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ስለ ቀኑ ብዙ አንልም፤ እሱን እናንተም ታውቁታላችሁ።

ከሁሉ በፊት ከፍታውን እናንሳ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ጎንደር ከዚያም ዝቅ ትላለች፣ 2,100 ሜትር ግድም። የፓርኩ መግቢያ ከተማ ደባርቅ 2,800 ትጠጋለች። ከዚያ በላይ ያሉት የካምፕ ቦታዎች ሳንቃበር 3,250፣ ግጭ 3,600፣ ጨነቅ 3,620 ሜትር ናቸው። ደጋግመን የምናየው ፕሮግራም ጠዋት በአውሮፕላን ጎንደር ይገባል፣ ከሰዓት በኋላ በመኪና ደባርቅን ያልፋል፣ ማታ ጨነቅ ላይ ድንኳን ይተክላል። በአንድ ቀን 1,500 ሜትር መሆኑ ነው። የመኪና መንገዱ ጨነቅ ድረስ መድረሱ ለአዘጋጅ ትልቅ ምቾት ነው፤ የከፍታ ሕመም ግን በመኪና መጣችሁ በእግር ብሎ አይለይም፣ የሚቆጥረው የተኛችሁበትን ከፍታ ነው። ግጭና ጨነቅ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ባሕር ወለል ላይ ከሚገባው 65 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ሰውነት ይህን ይለምዳል፤ የሚለምደው ግን በቀናት ነው።

«እኛ ደገኞች ነን፣ ከፍታ ምን ያደርገናል» የሚል መልስ ሁልጊዜ ይመጣል። አዲስ አበባ መኖር ከባሕር ጠረፍ ከመምጣት በእርግጥ ይሻላል። ነገር ግን 2,400 ሜትርን የለመደ ሰውነት የለመደው 2,400 ሜትርን ነው። ሮጦ የማይደክመው ወጣትም ከሕመሙ አያመልጥም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ የሚብስበት እሱ ነው፣ ምክንያቱም ጉልበቱን ተማምኖ በመጀመሪያው ቀን ይፈጥናል፣ ራስ ምታቱንም ይደብቃል።

ስለዚህ ፕሮግራሙ እንዲህ ቢሆን እንላለን። የመጀመሪያው አዳር ደባርቅ ይሁን፤ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ተነስቶም ይደረሳል። ሁለተኛው ቀን እስከ ቡይት ራስ በመኪና፣ ከዚያ የገደሉን ጠርዝ ይዞ በእግር ወደ ሳንቃበር። ሦስተኛው ቀን የጅንባርን ፏፏቴ አይቶ፣ ወንዙን ተሻግሮ ግጭ ላይ ማደር። አራተኛው ቀን ሸክም ግጭ ላይ ትቶ እሜት ጎጎ ደርሶ መመለስ፤ ጫፉ 3,926 ሜትር ስለሆነ ከፍ ብሎ ታይቶ ዝቅ ብሎ ይታደራል፣ ለሰውነት ከዚህ የተሻለ ልምምድ የለም። አምስተኛው ቀን ወደ ጨነቅ። ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታው ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር የሚለው የሕክምና ምክር በዚህ መሰላል ላይ ሳይጣስ ይኬዳል። ቀን ካነሰባችሁ ከጨነቅ በኩል ቁረጡ እንጂ ከደባርቅና ከሳንቃበር አትቁረጡ።

ምልክቶቹን ለተጓዦቻችሁ አውቶቡስ ውስጥ ሳሉ ንገሯቸው፣ ተራራው ላይ ከደረሱ በኋላ የሚሰማ የለም። ራስ ምታት ሆኖ ከሱ ጋር ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ማዞር ወይም ያልተለመደ ድካም ካለ የከፍታ ሕመም ነው ብላችሁ ያዙት፣ ሌላ ምክንያት እስኪገኝለት ድረስ። «እንቅልፍ አጥቼ ነው»፣ «ትናንት የበላሁት ነው» አይሠራም። እንዲህ ያለ ሰው እዚያው ይቆያል፣ ውኃ ይጠጣል፣ ለራስ ምታቱ ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን ይወስዳል፣ ወደ ላይ ግን አንድ እርምጃ አይጨምርም። በማግስቱ ካልተሻለው ይወርዳል። ሁለት ምልክቶች ደግሞ ማግስትን አይጠብቁም። አንደኛው ቁጭ ብሎም ትንፋሽ የሚያጥረው፣ የሚያስለው፣ ደረቱ የሚንኮራኮር ሰው ነው፤ ሳንባው ውኃ እየቋጠረ ነው። ሁለተኛው እንደ ሰከረ የሚንገዳገድ ወይም ንግግሩ የተምታታ ሰው ነው። መሬት ላይ መስመር አስምራችሁ ተረከዙን ከአውራ ጣቱ እያገጣጠመ አሥር እርምጃ እንዲሄድ ጠይቁት፤ ካልቻለ አንጎሉ እያበጠ ነው። ሁለቱም ሌሊት ሰባት ሰዓትም ቢሆን ይወርዳሉ፣ ብቻቸውን አይደለም፣ «ትንሽ ይረፍ» ተብሎም አይደለም። ለመከላከያ የሚሰጠው ዳያሞክስ ብዙውን ጊዜ 125 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ፣ ከመውጣት አንድ ቀን በፊት ተጀምሮ ነው፤ የሰልፋ አለርጂ ያለበት ሰው ስላለ ሐኪም ሳያዩ አያድሉት። በምንም መንገድ ቢሆን የመኝታ ሌሊት አይተካም።

መውረድ ስንል ከየት ወዴት እንደሆነ አስቀድማችሁ ዕወቁ። ጨነቅና ሳንቃበር መንገድ ዳር ናቸው፤ መኪናችሁን ደባርቅ ከመለሳችሁት ግን መንገዱ ብቻውን አያወርድም፣ ስለዚህ አንድ መኪና ነዳጁ ሞልቶ፣ ሹፌሩም ሳይጠጣ እዚያው ያድር። ግጭ መኪና አይገባበትም። በሽተኛ እስከ መንገዱ የሚወርደው በበቅሎ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቡድን ዕቃ የማይጫንባት፣ ኮርቻ ያላት አንዲት ባዶ በቅሎ እንድትከራዩ እንለምናለን። ወጪ ይመስላል። ሄሊኮፕተር የሚጠራበት ተራራ ስላልሆነ አምቡላንሳችሁ እሷ ናት።

አንድ ነገር ደግሞ ሰው በከንቱ እንዳይደነግጥ። ከ3,000 ሜትር በላይ ብዙ ሰው በእንቅልፉ መሀል ትንፋሹ ለጥቂት ሰከንድ ይቋረጥና በድንገት ተንፍሶ ይባንናል። የድንኳን ጓደኛው ይህን ሰምቶ ሰፈሩን ይቀሰቅሳል። ይህ ብቻውን ከሆነ፣ ሌላ ምልክት ከሌለው፣ የከፍታው ጠባይ ነው። የሚያብሰው አረቄና የእንቅልፍ ኪኒን ነው። አረቄው «ያሞቃል» ይባላል፤ የሚያደርገው ደሙን ወደ ቆዳ ማውጣት ነው፣ ሙቀቱ ፊት ላይ ይሰማል፣ ሰውነቱ ግን እየቀዘቀዘ ያድራል። ደባርቅ ሆቴል ውስጥ ጠጡት፣ አንከለክልም። ግጭ ላይ አታምጡት።

ወደ ብርዱ እንምጣ። ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይወርዳል፤ እንግዲህ ግጭ ከአዲስ አበባ ሰባት ስምንት ዲግሪ ይቀዘቅዛል። በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ሰማዩ ጥርት ሲል ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ እስከ ኔጌቲቭ 5 እና አንዳንዴም ከዚያ በታች። ጠዋት ጓሳው (የተራራው ሣር) ላይ አመዳይ ነጭ ሆኖ ይታያል፣ ድንኳን ውጭ ያደረ የፕላስቲክ ውኃ ድንጋይ ይሆናል። ቀን በሸሚዝ የሄደ ሰው ይህን አያምንም።

ተጓዥ «ስሊፒንግ ባግ (የመኝታ ከረጢት) ይዣለሁ» ሲል ሁለት ጥያቄ ጠይቁት። የመጀመሪያው ኮምፈርት የሚለው ቁጥሩ ስንት ነው? በከረጢቱ ላይ ብዙ ጊዜ ሁለትና ሦስት ቁጥር ይጻፋል፤ ትልቁ ጽሑፍ የሚያሳየው ሰው ሳይሞት የሚያድርበትን ነው፣ እንቅልፍ የሚወስድበትን የሚናገረው ኮምፈርት የሚለው ነው። እዚህ ኮምፈርቱ ኔጌቲቭ 5 የሆነ ያስፈልጋል። ከሌለ አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ ይጨመር፤ ጋቢም መልካም ነው፣ ደረቅ እስከሆነ ድረስ። ሁለተኛውና ሁሉም የሚረሳው ጥያቄ፦ ከሥር ምን አለህ? የተኛችሁበት ከረጢት ከጀርባችሁ ሥር ተጨፍልቆ አየር አይዝም፣ አየር ያልያዘ ነገር ደግሞ አያሞቅም። ሰው ሦስት ብርድ ልብስ ደርቦ ሲንቀጠቀጥ የሚያድረው ብርዱ ከመሬት ስለሚመጣ ነው። ሁለተኛውን ብርድ ልብስ ከላይ ከመደረብ ከሥር ማንጠፍ ይሻላል። በአየር የሚነፋ ፍራሽ ብቻውን፣ ውስጡ መከላከያ ከሌለው፣ ቀዝቃዛ አየር ላይ መተኛት ነው፤ አር ቫልዩ የሚባለው የብርድ መከላከያ ቁጥሩ 4 እና ከዚያ በላይ ይሁን፣ አለዚያ ከሥሩ አንድ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የስፖንጅ ምንጣፍ ይግባ። እሱ ቢቀደድም ይሠራል፣ የሚነፋው ግን በአንድ እሾህ ያልቅለታል። ከደባርቅ ወይም ከጎንደር የምትከራዩትን ዕቃ ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት ዚፑን ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ ሳቡት።

የመኝታ ልብስ ለብቻው በላስቲክ ታስሮ ይቀመጥ፦ አንድ ሹራብ፣ አንድ የውስጥ ሱሪ፣ አንድ ደረቅ ካልሲ፣ ኮፍያ። በላብ የራሰ ካናቴራና ጅንስ ለብሶ ከረጢት ውስጥ መግባት ከረጢቱን ማርጠብ ነው። የፈላ ውኃ በማይፈስ ኮዳ ሞልቶ፣ በካልሲ ጠቅልሎ እግር ሥር ማስገባት ከማንኛውም ውድ ዕቃ ይበልጣል፤ ጠዋትም ያልቀዘቀዘ መጠጥ ውኃ ይሆናል። ውኃ ማጣሪያ ያለው ሰው ማጣሪያውን ከጎኑ ይዞ ይተኛ። በጥቃቅን ቀዳዳ ቱቦዎች የሚሠራው ዓይነት አንዴ ረጥቦ በረዶ ከሠራ ቱቦዎቹ ይሰነጠቃሉ፣ ከውጭ ሲያዩት ደኅና ይመስላል፣ ከዚያ በኋላ ግን ምንም አያጣራም። ስልክና ባትሪም እንዲሁ ከረጢት ውስጥ።

ድንኳን ሲተከል በሩ ነፋስ ወደማይመጣበት ይዙር፣ ገመዶቹ ሁሉ ይወጠሩ፣ አየሩ ጸጥ ያለ ቢመስልም። ከገደሉ በኩል የሚወጣው ነፋስ ሌሊት ሲነሳ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። ካስማው የሳሳ መሬት ካጋጠመው ድንጋይ ይጫንበት፣ ስትለቁ ግን ድንጋዩን ወደ ነበረበት መልሱት። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውኃ ወደ ታች ይፈሳልና ወንዝ ዳር ያለው ደልዳላ ሜዳ ከሁሉም በላይ ይቀዘቅዛል፤ አሥር ሜትር ከፍ ያለ ቦታ ሲገኝ እሱን ምረጡ። የድንኳኑን ቀዳዳ አትድፈኑ። ከትንፋሽ የሚወጣው እርጥበት መውጫ ሲያጣ ጣሪያው ላይ ጠል ይሆንና ሌሊት በከረጢቱ ላይ ይንጠባጠባል፣ ሰውም «ድንኳኑ ያፈሳል» ብሎ አከራዩን ይሰድባል። ከሰል ደግሞ ድንኳን ውስጥ በምንም ምክንያት አይግባ፤ የከሰል ጭስ ቤት ውስጥ ምን እንደሚያደርግ አገሩ ሁሉ ያውቃል፣ ድንኳን ከቤት ይጠባል። የምግብ ማብሰያውም እንዲሁ።

ድንኳን የሚተከልበት ቦታ በፓርኩ ውስጥ በምርጫ አይደለም፤ ለካምፕ በተለዩ ቦታዎች ብቻ ነው። «ገደሉ አፋፍ ላይ ፀሐይ ስትወጣ እንድናይ» የሚለውን ጥያቄ እንረዳለን፤ ጠርዙ ላይ የሚበቅለው ሣር ከሥሩ ድንጋይ ይኑር አይኑር ከላይ አይታወቅም፣ ጉሙ ሲመጣ ደግሞ አምስት እርምጃ ወደፊት አይታይም። ማታ ለሽንት የሚወጣ ሰው የግንባር መብራት ሳይዝ አይውጣ፣ የሚሄድበትም አቅጣጫ ሲመሽ ሳይሆን በብርሃን ይታይ። ከፍታው ራሱ ሽንት ያበዛል። ይህን የጠላ ሰው ከሰዓት በኋላ ውኃ መጠጣት ያቆማል፣ ጠዋት በራስ ምታት ይነሳል፣ ከዚያ የከፍታ ሕመም ይሁን ጥማት ለመለየት ሁላችንም እንቸገራለን። በቀን ሦስት አራት ሊትር ይጠጣ።

የቆዩ የጉዞ ጽሑፎችን አንብባችሁ «ግጭ መንደር ውስጥ ቤት ተከራይተን እናድራለን» የምትሉ አላችሁ። የመንደሩ ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። አሁን እዚያ ያለው ጓሳ፣ ጅባራ የሚባለው ረጅም ተክልና ጭላዳ ዝንጀሮ ነው።

ስለ በቅሎ ደግሞ አንድ መሠረታዊ ነገር። በቅሎዎቹ የሚነሱት እናንተ ከሄዳችሁ፣ ድንኳኑ ከተነቀለና ዕቃው ከተጫነ በኋላ ነው። በሌላ መንገድ ሊመጡም ይችላሉ። ስለዚህ ወፍራም ጃኬቱን፣ የዝናብ ልብሱንና የግንባር መብራቱን በቅሎ ላይ የጫነ ተጓዥ ቀድሞ ከደረሰ ላቡ በላዩ ሲቀዘቅዝ ሜዳ ላይ ቆሞ ይጠብቃቸዋል። ፀሐይ ከጠለቀች ሰውነቱ እስኪቀዘቅዝ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። እነዚህ ሦስቱ፣ ሁለት ሊትር ውኃና የቀን ምግብ ሁልጊዜ በራስ ጀርባ ላይ ይሁኑ። ለበቅሎ የሚሰጠው ዕቃ በጨርቅ ከረጢት ይምጣ። ጎማ ያለው ሻንጣ የበቅሎዋን ጎን ይልጣል፣ ሚዛንም አይይዝም። በሁለቱ ጎን እኩል የሚመዝን ሆኖ ባጠቃላይ ከ40 እስከ 45 ኪሎ ባይበልጥ ዳገቱን ሳትቆም ትወጣለች። ለአንድ ሰው 12 ኪሎ በቂ ነው፤ 20 ኪሎ ያመጣ ሰው አብዛኛው ልብስ ሳይፈታ ይመለሳል።

ምግብ። 3,600 ሜትር ላይ ውኃ የሚፈላው 88 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይፍለቀለቃል፣ ግን አያበስልም። ከአዲስ አበባ ባቄላና ሽምብራ ጭናችሁ «ማታ ቀቅሉልን» የምትሉ ሰዎች፣ እስከ ሌሊቱ አምስት ሰዓት ነዳጅ አቃጥለን ጥሬ ነው የምናቀርብላችሁ። ቀይ ምስር ክክ ይበስላል፣ ሽሮ ያለችግር ይሆናል፣ ፓስታ ከተለመደው በላይ ይቆያል፣ ሩዝ ተከድኖ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ቢቀመጥ ይጨርሳል። ድርቆሽ ቀላል ነው፣ አይሻግትም፣ በአሥር ደቂቃ ፍርፍር ይሆናል። ለመንገድ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ጭኮ ከየትኛውም የታሸገ ብስኩት ይበልጣሉ። ከመኝታ በፊት አንድ እፍኝ ኦቾሎኒ ወይም ጭኮ የበላ ሰው ሌሊቱን ይሞቃል፤ ሰውነት የሚያነደው ነገር ይፈልጋል።

ምርጡ የጉዞ ወቅት ከነቢያት ጾም ጋር ይገጥማል፣ ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ። ከተጓዦቹም ከሠራተኞቹም የሚጾም ብዙ ነው። የሚጾሙትን ቁጥር አስቀድማችሁ ላኩልን፣ ድስቱን እንለያለን። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምስ የሚቆይ ሰው ካለም እንወቅ፤ ከጨነቅ በላይ ያለውን የቧሂትን ዳገት ባዶ ሆድ መውጣት እንችላለን የሚሉ አሉ፣ ይችላሉም ይሆናል፣ ቡድኑ ግን የሚሄደው በእነሱ ፍጥነት ነው። ጥምቀትን ጎንደር አክብራችሁ በማግስቱ ለመውጣት የምታስቡ ደግሞ በቅሎና ድንኳን ከወር በፊት ያዙ፤ ጥር 12 ቀን ሁሉም ነው የሚወጣው።

እሳት አይነድም። «ካምፕ ፋየር» ብላችሁ ፕሮግራም ላይ የምትጽፉትን አውጡት። የሚነደው ምንድን ነው? ውጨናው፣ ሌላው አገር አስታ የሚለው፣ ለመመለስ አሥርት ዓመታት የሚፈጅ ዛፍ ነው። ጓሳው ከታኅሣሥ ጀምሮ ይደርቃል፣ አንድ ፍንጣሪ ይበቃዋል። በ2011 ዓ.ም. በመጋቢትና ሚያዝያ የተነሳው ቃጠሎ ለማጥፋት ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች፣ ከኬንያም ሄሊኮፕተር እስኪመጣ ድረስ ነበር የተደረሰው። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ቁራጩን በኪሱ በያዘው ቆርቆሮ ውስጥ ይጨምር። ማብሰያው በላምባ ወይም በጋዝ ነው፤ ትንንሾቹን የጋዝ ቆርቆሮዎች አውሮፕላን አያሳፍራቸውም፣ ንጹሕ ቡቴን ብቻ የያዙት ደግሞ ዜሮ ዲግሪ ሲቃረብ ሞልተው ሳለ እምቢ ይላሉ። ፕሮፔን የተቀላቀለበት ይፈለግ።

ስለ ሽንት ቤት ማውራት ያሳፍራል፣ ግን ጠዋት ከድንኳን ጀርባ የሚገኘው የበለጠ ያሳፍራል። ካምፑ ላይ ያለውን ተጠቀሙ። በመንገድ ላይ ከሆነ ከውኃ 60 ሜትር ርቆ፣ ከ15 እስከ 20 ሳንቲም ጥልቀት ያለው ጉድጓድ በትንሽ አካፋ ይቆፈር፣ ይሸፈን። ሶፍቱ ግን አይቀበር፣ በላስቲክ ታስሮ ይመለስ። በዚህ ብርድ ውስጥ የሚበሰብስ ነገር የለም ማለት ይቻላል፣ አብዛኛው እርጥብ መጥረጊያ ደግሞ ፕላስቲክ አለበት፤ ከዓመት በኋላም ቀለሙ ሳይለቅ ይገኛል። የጅንባርን ውኃ ከታች የሚጠጣ ሰውና ከብት አለ። እናንተም ስትጠጡ አጣሩ፣ ወይም ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይንተክተክ። ምግብ ውጭ አይደር። ጨነቅ ላይ ቁራው ዚፕ መክፈት ያውቃል ብንል ተጋነነ አትበሉ፤ ጭላዳውም ከሰው እጅ መብላት ከለመደ ከጓሳው ይልቅ ድንኳኑን ይጠብቃል።

አሁን ራስ ዳሽንን ፕሮግራም ላይ ለምትጽፉ ለይተን እንናገር። (ራስ ደጀን የምትሉም ልክ ናችሁ፤ ቁመቱንም በድሮ መጻሕፍት 4,620፣ በኋለኞቹ ልኬቶች 4,550 ወይም 4,533 ሜትር ታገኙታላችሁ። ለጉልበት ልዩነት የለውም።) ከጨነቅ ተነስቶ በቧሂት ማለፊያ 4,200 ሜትር ይወጣል። ከዚያ እስከ መሸሃ ወንዝ፣ 2,800 ሜትር፣ ይወረዳል። ከዚያ እንደገና 400 ሜትር ወጥቶ አምቢቆ ይታደራል። በማግስቱ 1,300 ሜትር ያህል ወጥቶ ያንኑ መውረድ ነው፣ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ይፈጃል። ማስታወቂያው እዚህ ላይ ያበቃል። እግሩ ግን ገና ነው፤ በሦስተኛው ቀን ያ የ1,400 ሜትር ቁልቁለት ዳገት ሆኖ ይጠብቀዋል። ጉልበት የሚጎዳው ሲወርድ ነው፣ የሚታወቀው ደግሞ በማግስቱ ሲወጣ። ስለዚህ ሁለት ምርኩዝ፣ የተቆረጠ የእግር ጥፍር፣ ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ቁርጭምጭሚት ላይ ጠበቅ ተደርጎ የታሰረ ጫማ። አዲስ ጫማ ገዝቶ የመጣ ሰው አምቢቆ ሲደርስ ነጠላ ጫማ ነው የሚለምነን። ጨነቅንና ግጭን ያልለመደ ሰው ወደዚያ አይሻገር፤ አምቢቆ ላይ የታመመ ሰው በአንድ በኩል ይታደላል፣ ወንዙ ድረስ ወዲያው ይወርዳልና፣ ከዚያ ወደ ደባርቅ ለመመለስ ግን ቧሂትን እንደገና መውጣት አለበት። ለጫፉ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ይነሱ። ከቀትር በኋላ ደመና ሲሰበሰብ፣ ነጎድጓድ ሲሰማ፣ 100 ሜትር ቢቀርም ይመለሱ።

በክረምት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ፣ በእግር መምጣት አይከለከልም፤ በረዶ ጠጠሩን፣ ጭቃውንና ምንም የማይታይበትን ጉም ግን ለተጓዦቻችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። መስከረም መጨረሻ ሲመጣ አበባውም አለ፣ ሰማዩም ይጠራል።

የመጨረሻው ስለ ሠራተኛው ነው። ለ20 ተጓዥ 10 ድንኳን ታስባላችሁ። አስጎብኚው፣ ስካውቶቹ (መሣሪያ የያዙት ጠባቂዎች)፣ አብሳዮቹ፣ በቅሎ ነጂዎቹ ግን ሲቆጠሩ ከ20 ያላነሱ ናቸው፣ ድንኳን ደግሞ የላቸውም። «እነሱ ለምደውታል» የሚለውን እንሰማለን። መሣሪያውን አንግቶ፣ ኮንጎ ጫማ አድርጎ፣ አንድ ብርድ ልብስ ለብሶ ውጭ የሚያድረው ስካውት ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ በሽተኛችሁን የሚያወርደው ያው ሰው ነው። በበጀታችሁ ውስጥ ለእነሱ የሚሆን አንድ ትልቅ ድንኳን፣ የሚነጠፍ ምንጣፍና የማታ ምግብ ይግባ። ምግባቸውን ራሳቸው እንደሚይዙ የሚነግራችሁ ደላላ ካለ በቀጥታ ጠይቋቸው።

ከመነሳታችሁ ሁለት ሳምንት በፊት ይህን ላኩልን፦ የተጓዦችን ቁጥርና ዕድሜ፣ አስም፣ የልብ ሕመም፣ ስኳር ወይም እርግዝና ያለበት ሰው ካለ፣ የሚጾሙትን ቁጥር፣ የስሊፒንግ ባጎቻቸውን የኮምፈርት ቁጥር፣ እያንዳንዱ አዳር የት እንደሆነ። የስም ዝርዝሩን አንድ ቅጂ ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ስጡ። ተራራው ላይ ስልክ የሚሠራው አንዳንድ ጉብታ ላይ ብቻ ስለሆነ ለቤተሰብ «በየቀኑ እንደውላለን» ተብሎ ቃል አይገባ፤ የምትወርዱበትን ቀን ብቻ ንገሯቸው። የመንገዱንም ፀጥታ በመነሻው ሳምንትና በዋዜማው አጣሩ፣ «ዝግ ነው» ከተባላችሁ ተጓዦቹን አውቶቡስ ላይ አታሳፍሩ። ዝርዝሩን አይተን መሰላሉ ላይ የጎደለ አዳር ካለ በሦስት ቀን ውስጥ እንመልስላችኋለን።

ከሰላምታ ጋር፣
በሰሜን ተራሮች መንገድ የምንመራ፣ የምናበስልና በቅሎ የምንነዳ
ደባርቅ